የጭሱ ሰውዬ አመጣጥ

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር የማየው የድሮ የቴሌቪዥን ተከታታይ አለ። ጭምብል ያጠለቀ ጀግና ክፉዎችን ይደበድባል። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ እንግሊዝኛው ያመልጠኛል፤ ቡጢው ግን ይገባኛል። ክፉዎቹ ጥርሳቸው ይረግፋል፣ በመስኮት ይወረወራሉ፣ በሳምንቱ ደህና ሆነው ይመለሳሉ። ስለዚህ አልፈራውም ነበር።

የምፈራው መጽሐፎቹን ነው። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እነዚያ ክፉዎች መጀመሪያ የወጡባቸውን የድሮ ኮሚኮች፣ በሥዕል የሚተረኩ መጽሐፎች፣ ከላይብረሪ ታመጣለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ባለ መዶሻ እጁ ሰውዬ ወንበር እያደናቀፈው የሚወድቅ ጅል ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግን አሠሪው እጁን ማሽን ውስጥ ከቶ ሲጨፈልቀው፣ ጣቶቹ ወለሉ ላይ ሲበተኑ ተስሏል። ደም ያለባቸውን ገጾች እየፈለግሁ በልብስ መቆንጠጫ እይዛቸው ነበር። እሷ መቆንጠጫውን ነቅላ ታነብና መልሳ ትሰካዋለች።

ከሁሉም የምትወደው ጭስ የሚነፋውን ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ በገዛ ጭሱ እየሳለ ሰው የሚያስቅ ነው። አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ አመጣጡን ነገረችኝ። ልጅ ሳለ መጋዘን ውስጥ ቆልፈውበት እሳት ለቀቁበት። ሳንባው ተቃጥሎ ተረፈ። ሲያድግ የቆለፉበትን ሰዎች አንድ በአንድ አፍኖ ገደላቸው። እኔም ሳላስብ፣ አጎትሽም እኮ ታጥኗል አልኳት።

እኛ ቤት ይህ ሠርግ ላይ የሚወራ ቀልድ ነው። ወንድሜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የጎረቤት ልጅ ፈንክቶ መጣ። አባቴ እጅና እግሩን አሰረው፣ ፍም ላይ በርበሬ በተነ፣ ጋቢ ደፋበት። ሠርግ ላይ ወንድሜ ራሱ እንዴት እንዳስነጠሰ እያስመሰለ ያሳያል፣ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ለልጄም እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። ጋቢውን ገፎ ለምን አልወጣም ብላ ጠየቀችኝ። ጫፉ ላይ ሰው ተቀምጦበት ነበር አልኩና ወደ ሽንኩርቴ ዞርኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በምሠራበት ሆቴል አንሶላ እየቀየርኩ ሳለ ከትምህርት ቤቷ ኮል አደረጉልኝ። ቶሎ እንድመጣ ነበር። አስተማሪዋ ልጆቹን የራሳችሁን ክፉ ፍጠሩ፣ አመጣጡንም ሳሉ ብላቸው ኖሯል። ስደርስ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሯ፣ የልጄን ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች። የታሰረች ልጅ ናት፣ ጸጉሯ እንደ ልጄ ሁለት ቦታ የተጎነጎነ። ከዓይኗ ደም ይፈሳል። ከላይዋ ጋቢ አለ፤ የጋቢው ጫፍ ላይ ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣለች። ሻሹ የእኔ ነው።

አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፣ ድምጿ የትልቅ ሰው። ካውንስለሯ የምትለውን ነገረችኝ፦ ይህ በልጅቷ ላይ ደርሶ ከሆነ ለመንግሥት ማመልከት ግዴታዋ ነው። ልጅ ከእናቷ ወስደው ሌላ ቤት እንደሚያስገቡ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሁልጊዜ ይመክሩናል፤ ከቴሌቪዥን አይታ ነው በሉ፣ ሌላ አትጨምሩ ይላሉ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጄን አስቀድመው ጠይቀዋታል፤ እናቴ ነገረችኝ ብላለች። ቴሌቪዥን ነው ብል አንዳችን ውሸታም ልንሆን ነው።

የታጠነው ወንድሜ፣ ያጠነው አባቴ ነው አልኩ።

«ሴትየዋስ ማን ናት ነው የሚሉዎት» አለች አስተርጓሚዋ።

«እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።»

ከዚያ ማቆም አቃተኝ። አባቴ ተቀመጪበት ብሎኝ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ከሥሬ ሲራገጥ ጉልበቱ ወገቤን መታኝ፤ እኔ ይበልጥ ተጫንኩት። ጩኸቱ ማጓራት ሆነ፣ ከዚያ ዝም አለ። አባቴ ገና ነው አለ። ጋቢው ሲነሳ ከአፍንጫው ደም የቀላቀለ አረፋ ይወርድ ነበር፣ ዓይኑ አብጦ ጥሬ ሥጋ መስሏል። ሁለት ቀን ማየት አልቻለም። በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ውሻ በድንጋይ ቀጥቅጦ ገደለ። ካደገ በኋላ የሚስቱን ጥርስ አወለቀ። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻውን ይኖራል፤ ልጆቹ አጠገብ እንዳይደርስ ፍርድ ቤት ከልክሎታል። ቤተሰቡ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ሲፈጥረው እንዲህ ነው እንላለን።

አስተርጓሚዋ ትንሽ ቀስ ይበሉልኝ አለችኝ። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።

ካውንስለሯ ወንድሜ ይህን ሊያረጋግጥ ይችል እንደሆነ ጠየቀች። ያኔ ነው ይበልጥ የፈራሁት። ወንድሜ ቢሮ የሚባል ነገር ይጠላል፤ ደግሞም በጋቢ ተሸፍኖ ስለነበር ማን እንደተቀመጠበት ያወቀ አይመስለኝም ነበር። አባቴ የሰፈር ጎረምሳ ነው ብሎት ነበር። ውሸቷን ነው ቢል ልጄ አለቀላት።

በእኔ ስልክ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ደወልኩለት፤ ታክሲ እየነዳ አነሳው። ነገሩን ስጀምርለት ሳቀ፣ ወደ ማስነጠሱም ገባ። ሠርግ ላይ አይደለሁም፤ ድምፅህን ሁላችን እንሰማለን፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው አልኩት። ሳቁ ቆመ።

«ጋቢው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

የመኪናው ፍሬቻ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል።

«አውቃለሁ» አለ። «ክብደትሽን አውቀዋለሁ። ላነሳሽ ሞክሬ አቃተኝ።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «የሆነው በእኔ ነው፣ በልጅቷ አይደለም በያቸው።» ስልኩን ዘጋው።

አስተርጓሚዋ አንድም ሳታስቀር ተረጎመችው። ካውንስለሯ ልጄን ለብቻዋ አነጋገረች፣ እጇንና ዓይኗን አየች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሲወጡ ካውንስለሯ፣ የማመለክተው ነገር የለም፣ ይዘሻት ሂጂ አለችኝ።

አውቶቡስ እየጠበቅን ልጄ አጎቴ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ያለውን ነገርኳት፤ ሴትየዋ እኔ መሆኔን፣ ዕድሜዬንም ጭምር። የመለሱላትን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሻሹን በላጲስ አጠፋች።

«ያኔ ጸጉርሽ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

እንደ አንቺ አልኳት፤ ሁለት ቦታ የተጎነጎነ።