ጊቬዝ እና ቴኬዝ

እንግሊዝኛን በልጅነቴ የተማርኩት ደብረ ታቦር ገበያ ከተገዛ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር እንደ ዳዊት እየጮህን በቃላችን እናጠናው ነበር። አንዱ ቃል ሲጠፋው አጠገቡ የተቀመጠው ወዲያው ይሞላለታል። የየኔታ ሕግ ነው፤ ዝም ያለ ይገረፋል።

ሁለተኛ ደረጃ ስገባ የእንግሊዝኛው መምህር «እሱ ይሰጣል» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠየቁኝ።

«ሂ ጊቬዝ» አልኩ።

«ተቃራኒውስ፣ ይነሳል?»

«ሂ ቴኬዝ።»

«ይሄ ድሮ የሞተ ቃል ነው! ዛሬ ‹ጊቭስ›፣ ‹ቴክስ› ነው የሚባለው! ሁለተኛ ሬሳ ተሸክመህ ክፍሌ እንዳትገባ!» ብለው ጠጠር ላይ አንበረከኩኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ትምህርቴን እስክጨርስ ስሜ «ሬሳው» ሆኖ ቀረ።

አምና የመምህሩ አንድያ ልጅ ሞተችና ለቅሶ ደረስኩ። የተማሩ አይደሉ? ሐዘናቸውም በእንግሊዝኛ ነው። እጄን ጨብጠው፣ ያንኑ የሞተ ቃል አንስተው «ጎድ ጊቬዝ፣ ጎድ...» አሉና ቀሪው ጠፋቸው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል።

አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። የየኔታን ሕግ አልረሳሁም። ጮክ ብዬ ሞላሁላቸው፦

«ቴኬዝ።»