በሲኒማ ቤት ያልኩት አሜን

የሲኒማ ቤት የእንጨት ወንበሮች፣ ሰው ባንዴ ብድግ ሲል፣ እየተከታተሉ የሚንኳኩት ነገር አለ። ዛሬም የትኛውም አዳራሽ ውስጥ ያንን ድምፅ ስሰማ ምላሴ ይደርቃል።

ዘመኑ የደርግ ነው። በዚያ ዓመት በጋ ሆሳዕና ከተማ ያለው ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር፣ እሑድ እሑድ ጥቂት ጎረቤቶች በጓሮ በር እየገቡ እኛ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። አባቴ ሲቆም ሁላችንም ቆመን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልይና በመጨረሻ «አሜን» እንል ነበር፤ ግን ከመንገድ እንዳይሰማ በሹክሹክታ። ድምፄ ከፍ ካለ እናቴ ትቆነጥጠኝ ነበር። ሃይማኖቴን የተማርኩት በቁንጥጫ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ክረምት ሲገባ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ አክስታችን ቤት ተቀምጦ ኮሌጅ ወደሚማረው ታላቅ ወንድሜ ወደ ታደሰ ሄድኩ። የሰፈሩ ልጆች አማርኛዬን «እስቲ ድገሚው!» እያሉ ያስደግሙኝ ስለነበር፣ በገዛ አገሬ ዋና ከተማ የውጭ አገር ሰው ሆኜ ከረምኩ።

ታደሰ ሲኒማ ይሄድ የነበረው ፊልም ወዶ አልነበረም። ቢራ ስለማይጠጣና ስለማይጨፍር የክፍል ጓደኞቹ «ጴንጤ ሳትሆን አትቀርም» ማለት ጀምረው ነበር፤ ጴንጤ መባል ደግሞ ከኮሌጅ ሊያስባርር፣ ሊያሳስርም ይችል ነበር። ስለዚህ አባታችን ከኃጢአት የሚቆጥረውን ሲኒማ እምነቱን መደበቂያ አደረገው። አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት እኔንም ይዞኝ ሄደ።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አንድ ካድሬ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ በጦር ሜዳ ለተሰዉ ጓዶች ተነስተን ጸጥ እንድንል አዘዘ። ወንበሮቹ ተንኳኩ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲቆም ሳይ፣ በመጨረሻ ሹክሹክታ የማያስፈልግበት አገር ደረስኩ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ካድሬው «እናመሰግናለን» ሲል በሙሉ ድምፄ «አሜን!» አልኩ።

ከኋላችን አንድ የአብዮት ጥበቃ ታደሰን ትከሻውን ያዘው።

«ምንድን ነው ያለችው?»

«የባላገር ልጅ ናት ጓድ፣ ሲኒማ አይታ አታውቅም።»

«ጴንጤ ነህ እንዴ?»

«እኔ? በጭራሽ!»

ሰውየው ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ሚጣዬ፣ እናንተ ቤት ይጸለያል?»

የታደሰን ፊት አየሁ።

«አይጸለይም» አልኩ።

«ታዲያ ለማነው አሜን ያልሽው?»

«ለእሱ» ብዬ ካድሬውን በጣቴ አሳየሁት። ዙሪያችን ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ጠባቂውም ስቆ የወንድሜን ትከሻ ለቀቀው። ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ከጀርባችን ስላልተነሳ፣ ካየሁት ፊልም አንድም ነገር አላስታውስም።

ውጭ ዝናቡ ውስጥ ታደሰ አለቀሰ። «ለአባዬ እንዳትነግሪ» አለኝ። አልነገርኩም።

ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ አሜን የሚባለው በድምፅ ማጉያ ነው፤ ቁንጥጫ የሚያስፈልገው አሁን ይመስለኛል። ሰባኪዎቹ ሳይክዱ የታሰሩትን ሲያወድሱ፣ ሽማግሌው ወንድሜ አንገቱን ይደፋል። ታሳሪዎቹን እኔም አከብራለሁ። ነገር ግን በዚያ ቀን ወንድሜ ደፋር ቢሆን ኖሮ፣ በማታውቀው ከተማ መሐል የቆመችውን ያቺን ልጅ ማን እጇን ይዞ ወደ ቤት ይመልሳት ነበር? ይህን ደጋግሜ ብነግረውም፣ እስከ ዛሬ «አስካድኩሽ» እያለ ይቅርታ የሚጠይቀው እኔን ነው።