ለአሰልጣኝ ታምሩ ያልነገርኳቸው

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለሚስቴም አልተናገርኩም። በየዓመቱ ጾሙ ሲገባ ዘንድሮስ እናገራለሁ እልና ቄሱ ፊት ስቀርብ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እመለሳለሁ። አሁን ለእናንተ መናገሬ ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። መሸሸጊያ ስላለቀብኝ ነው።

የአንድ ትንሽ ክለብ አምበል ነበርኩ። ሜዳችን የካ ውስጥ፣ ፈረንሳይ የሚባለው ሰፈር ነበር። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ስለሆነ ተጫዋቾቹ ከአሰልጣኝ ይልቅ እኔን ይሰሙ ነበር። ልምምድ አርፍጄ ብመጣ የሚጠይቀኝ የለም። ከልምምድ በኋላ ሻይ ቤት ስገባ ሁሉም ከበውኝ ይቀመጣሉ። ያንን መከበብ ምን ያህል እንደምወደው ያወቅኩት ሊቀርብኝ ሲል ነው።

ቡድኑ ከሊጉ ሊወርድ ጫፍ ላይ ሲደርስ አሰልጣኝ ታምሩ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ጎልማሳ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን ኳስ አላስነኩንም። ጎህ ሲቀድ ከሜዳው ተነስተን፣ ዳገቱን ይዘን፣ በባሕር ዛፉ መሀል እስከ እንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እንሮጣለን። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ካጋጠሙን ቆመን እናሳልፋለን፤ ከዚያ እንደገና ሩጫ ነው። ጫት አቁሙ አሉ። ያረፈደ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በሚቀጥለው ጨዋታ አይሰለፍም አሉ።

እኔ አረፈድኩ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

«አምበል እኮ ነኝ» አልኳቸው።

«ለዚያ ነው» አሉኝ።

ያን ቀን ቂም ያዝኩ።

ልጆቹም መጀመሪያ ላይ ጠልተዋቸው ነበር። ዳገቱ ላይ እያስመለሰው የሚሰድባቸው ብዙ ነበር፤ ስድቡን የምቀምመው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ግን ጥላቻው አልቆየም። ሰውየው ሲያሮጡን ፊት ፊት አይሮጡም፤ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከመጨረሻው ሰው ጋር ናቸው። የደከመውን አይሰድቡትም፤ ስለ ቤቱና ስለ እናቱ እየጠየቁ እስከ ላይ ያደርሱታል። የበረኛችን አባት ሲሞቱ ድንኳን ተክለው፣ አግዳሚ ተሸክመው፣ ለቅሶው እስኪያበቃ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጡ። ከዚያ ማሸነፍ ጀመርን። ድሮ እግራችን የሚታሰርበት የጨዋታ መጨረሻ ላይ ሌላው ቡድን ሲያለከልክ እኛ እንሮጥ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሻይ ቤት ገብቼ ስጠብቅ ማንም አልመጣም። ወጥቼ ባይ ሁሉም ሜዳው ላይ ሰውየውን ከበው ቆመዋል። ያኔ ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ቡድኔ አይደለም ወይ ከሞት የተነሳው? ለእኔ ግን የታየኝ የተወሰደብኝ ወንበር ብቻ ነው።

የመስመር ተጫዋቻችን እዮብ ይባላል። ፈጣን፣ ዓይን አፋር፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። እንደ ታላቅ ወንድሙ ነበር የሚያየኝ። በዚያው ሰሞን መልበሻ ክፍሉ ጀርባ ጠራኝ።

«ዳገት ላይ ደረቴን ያፍነኛል» አለኝ። «አንዳንዴም ዓይኔ ይጨልማል። እኔ ብናገር ሰነፍ ይሉኛል። አንተ ንገርልኝ።»

«እነግርልሃለሁ» አልኩት።

አልነገርኩም። ረስቼው ነው እንዳልላችሁ አልረሳሁም። ከሰውየው ጋር ከሰላምታ በቀር አልነጋገርም ነበር፤ ሄጄ ደጃቸው ላይ መቆሙ ከበደኝ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥፋቴ ስንፍና ወይም ኩራት ይባል ነበር። እኔ ግን አላቆምኩም። እዮብ ተመልሶ መጣና «ነገርካቸው?» አለኝ።

«ነገርኳቸው» አልኩት። «‹ሰበብ መፍጠሩን ትቶ ይሩጥ› አሉ።»

ቃሉን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አላዘዘኝም። ሰውየው እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ለምን አልኩት? እዮብ እንዲጠላቸው ፈልጌ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ እንኳ ከእነሱ መሀል ወጥቶ ወደ እኔ እንዲመለስ። የልጁን ፊት ሲለወጥ አየሁት። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ራጉኤል ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከኋላ ጩኸት ሰማሁ። እኔ ፊት ነበርኩ። ዞሬ ሳይ እዮብ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል፤ አሰልጣኙ ተንበርክከው ደረቱን ይጫናሉ። ትንፋሹ ሲመለስ ጀርባቸው ላይ አዘሉት። ለማገዝ ስንጠጋ «መንገድ ልቀቁ» ብቻ አሉን፤ መኪና እስኪገኝ ድረስ ቁልቁለቱን አዝለውት ወረዱ። ሐኪሞቹ ከልጅነቱ ጀምሮ የልብ ሕመም ነበረበት አሉ። በሕይወት ይኖራል፤ ኳስ ግን አበቃ። በረኛው ጣቱን አመመኝ ሲል ሐኪም ቤት ይዘውት የሄዱ ሰው ይህን ቢሰሙ ልጁን አንድ እርምጃ እንኳ ያስሮጡት ነበር?

ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ አሰልጣኙ ብርቱካን ይዘው ገቡ። እዮብ ሲያያቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቱ ተነሱ።

«ልጄ አመመኝ እያለ ያስሮጡት እርስዎ ነዎት?» አሉ። «ይውጡልኝ።»

አሰልጣኙ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ወደ ወለሉ አየሁ። ብርቱካኑን በሩ ሥር አስቀምጠው ወጡ። ተከትያቸው መውጣት እችል ነበር። እዚያው ለእናቲቱ መናገርም እችል ነበር። ተቀምጬ ቀረሁ።

የክለቡ ኃላፊዎች ጠርተው ሲጠይቁኝ ያንኑ ደገምኩት። ነግሬያቸው ነበር፣ ይሩጥ አሉ፣ አልኩ። አሰልጣኙ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር።

«አልነገርከኝም» አሉኝ በቀስታ።

እኔ ቃሌን አልለወጥኩም። አዩኝና ወደ ኃላፊዎቹ ዞሩ። «ቢሆንም ልጁ በእኔ እጅ ነበር» አሉ። «ሳይነገረኝም ማየት ነበረብኝ።»

ይህንን ጥፋታቸውን እንደ ማመን ቆጥረው አሰናበቷቸው። ከዚያ በኋላ የትኛውም ክለብ አልቀጠራቸውም፤ ልጅ ሊገድል የነበረ አሰልጣኝ የሚል ወሬ ከኋላቸው ይሄድ ነበር። ለቀሪዎቹ ጨዋታዎች እንዳሰለጥን ቡድኑን ለእኔ ሰጡኝ። ከሩጫው በቀር ሁሉንም እሳቸው እንዳሠሩን አድርጌ አሠራሁ፤ የራሴ የሆነ አንድ ነገር አልነበረኝም። ቡድኑ ከመውረድ ተረፈ፤ ልጆቹም ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። አውርዱኝ አላልኩም።

ከዚህ ሁሉ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። እዮብ ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር የሞባይል ጥገና ሱቅ አለው። እስካሁን «አምበሌ» ይለኛል። በበዓል ቤቱ እየጠራ በእጁ ያጎርሰኛል። ስንቴ በላሁ፤ ስንቴስ «አንተ ባትኖር ማን ነበረኝ» ሲለኝ አንገቴን ነቀነቅኩ?

ባለፈው ወር ሱቁ ስሄድ ሴት ልጁ ማርታ ታለቅስ ነበር። የሰፈሩ የታዳጊ ሴቶች ቡድን ውስጥ ልግባ ብላ ከልክሏታል።

«ለምን?» አልኩት።

«አሰልጣኝ የሚባል ሰው እጅ ልጄን አልሰጥም» አለኝ። «አንተ ታውቃለህ እኮ።»

አዎ፣ አውቃለሁ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች ወደ ቤት ስትሄድ ውሸቴ ገና እየሠራ እንደሆነ ገባኝ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት።

እዮብ የያዘውን ስልክ አስቀመጠ። «ብርቱካን ይዘው ሲመጡ እዚያ ተቀምጠህ ነበር» አለኝ።

«ነበርኩ።»

«ፊቴን ሳዞርባቸው።»

«አዎ።»

«የት ናቸው አሁን?»

ኮተቤ እንደሚኖሩ አውቅ ነበር። ሁልጊዜም አውቅ ነበር፤ በዚያ በኩል ላለማለፍ መንገድ እቀይር ነበር። በእኔ መኪና ሄድን። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ሸብተዋል። እዮብን ትንሽ አተኩረው አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ደረትህ እንዴት ነው?» አሉት።

እዮብ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ደግፈው አቀፉት። በትከሻው ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። ለምን እንደመጣን መናገር አላስፈለገኝም፤ ገብቷቸዋል።

«ግባ» አሉኝ።

አልገባሁም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልነገርኩዎትም ነበር» አልኩ። እዮብ ሳይዞር «አንተ ሂድ» አለኝ። «መጀመሪያ እሳቸውን ይቅርታ ልጠይቅ። ስለ አንተ ማሰብ አሁን አልችልም።»

ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ማርታ ልምምድ እንደጀመረች ከሰው ሰምቻለሁ።

ወጣት ነበርኩ፣ ቅናት አሳወረኝ ልላችሁ እችላለሁ። ግን አልታወርኩም ነበር፤ ልጁን አየሁት፣ ሰውየውንም አየኋቸው፣ እያየሁ ዋሸሁ። ከዚያም ከአሥር ዓመት በላይ በየቀኑ እንደገና ዋሸሁ። ይቅርታውን ከእናንተ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ከበደልኳቸው ሁለት ሰዎች አንዱ፣ አሰልጣኙ፣ ግባ ሲሉኝ ያልገባሁት ትሕትና እንዳይመስላችሁ። ዓይናቸውን ማየት ፈርቼ ነው።