የበያጁ ጉንጭ

ቆዳ እየላጠች የሰው ጠባሳ በማደብዘዝ የምትተዳደረው ሴትዮ፣ የባሏን ጉንጭ ባየች ቁጥር ያንገበግባት ነበር። ሰውዬው ብረት በያጅ ነው፤ የእሳት ፍንጣሪ ፊቱን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል። «የሰው ፊት እያሳመርኩ የቤቴ ይቅር?» ትለዋለች። እሱም «ያገባሽኝ ከነጠባሳዬ ነው» ብሎ ያሾፋል።

አንድ ቅዳሜ ግን ከሥራ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ክፍሏ መጣና እጁን ሰጠ። ወንበሩ ላይ አጋደመችው። ፊቱን ለብ ባለ ውሃ አጥባ፣ ቆዳ የሚልጠውን ቅባት ልታነሳ ዞር ከማለቷ አንኮራፋ። ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋችና ተወችው። ያ ሁሌም የሚቋጠረው ግንባሩ እንደ ሕፃን ግንባር ተፈትቷል። ቅባቱን ከደነች፤ በር ላይ የደረሰችውንም ደንበኛ «ሰኞ ነይ፣ የኔ እናት» ብላ በሹክሹክታ መለሰቻት።

ሲነቃ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። «ኧረ አንቺ ሴት፣ ልጅ አደረግሽኝ እኮ! እጅሽ ይባረክ!»

ጠባሳው አንዱም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እሷም ያልተነካውን ቅባት ቀስ ብላ ወደ መደርደሪያው መለሰች።

በሳምንቱ ሦስት በያጆች ከነቱታቸው በሯን ሞሉት። «ያንን የእሱን ቅባት ለእኛም ቀቢን» አሏት።

«እሱ ለባሌ ብቻ ነው» አለች ሳቋን አፍና። «የእናንተው ያለው በየቤታችሁ ነው።»