የአናጢ ቢያዝን አጠና

አናጢ ቢያዝን ጎህ ሲቀድ ወደ ጓሮው ዞሮ አንዲት እርጥብ ሰንበሌጥ ይቀነጥባል። ጓሮው ውስጥ ሁለት ድንጋዮች ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ በሁለቱ ላይ የባሕር ዛፍ አጠና ተጋድሟል። ከአጠናው መካከል በታች ከመሬት ብቅ ያለ የአለት ጫፍ አለ። ቢያዝን ሰንበሌጧን በአለቱ ጫፍ ላይ ያጋድማታል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ግድግዳውን ተደግፎ አጠናው መካከል ላይ ይቆማል። የአጠናው መሀል ዝቅ ይላል። ቢያዝን ትንፋሹን ይዞ ይቆይና ይወርዳል፤ ከዚያ ሰንበሌጧን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ያዞራታል። ሙሉ ሆና ከተገኘች ፊቱ ይፈታል። ከተጨፈለቀች ያን ቀን ቁርስ አይበላም።

ቤቱ ከጎንደር ወደ ወለቃ በሚወጣው መንገድ ዳር ነበር። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ የደጋው አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳናቸውን እያወረዱ ቆርቆሮ ያለብሱ ጀምረዋል፤ ቆርቆሮውን የሚሸከመውን ወራጅ የሚያሰናዳው፣ ቆርቆሮውን የሚቸነክረው፣ በመጨረሻም ከጣራው ጫፍ ወጥቶ ጉልላቱን የሚያቆመው ቢያዝን ነው። ጣራ መክደን ብዙ ሰው ይችላል። የሰጎን እንቁላል የተሰካበትን ባለመስቀል ጉልላት ይዞ ሰማይና ምድር መካከል መቆም ግን የሚችል ጥቂት ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ ሰው «ጉልላት» ሲል «ቢያዝን» ማለቱ ነበር።

ባለፈው በጋ ግን አንድ ሩቅ ደብር ጣራ ላይ ወራጅ ከሥሩ ተሰበረ። ቢያዝን በብብቱ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሚስቱ ወንድምና የሥራ ባልደረባው አድማሴ ገመድ ወርውሮ አወጣው። ከታች ቆሞ ያይ የነበረ አንድ ዲያቆን፣ «ሣሩን ያወረድነው ከብዶን ነበር፤ አያ ቢያዝንን ማን ያውርድልን?» አለ፤ ሰዉ ሳቀ። ቢያዝን በእርግጥ ወፍራም ነበር። የተሰበረው ወራጅ ውስጡን ምስጥ የበላው መሆኑን ግን ማንም አላነሣም፤ እርሱም አላነሣው።

ወዲያው ጉልበቱ አበጠና ከሚስቱ ከእንኳየሁ ጋር ጎንደር ወርዶ ታየ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጉልበቱን ጫን ጫን አድርጎ፣ «ጉልበትህ የሚሸከመው በዝቶበታል» አለው። «ጠላውንና ቅቤውን ቀንስ። ምሳና እራትህን ግን እንዳትተው፤ መሰላል የሚወጣ ሰው በባዶ ሆዱ አይወጣም።» ቢያዝን ከዚህ ንግግር የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ወጣ። አጠናውን ጓሮው ውስጥ ያጋደመው በዚያው ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሸጋ ነበር። ጠላውን ተወ፤ ወጡ ቅቤ እንዳይገባበት ለሚስቱ ነገራት፤ ወደ ሥራው በእግሩ ይወጣ ጀመር። የጉልበቱ እብጠት ሟሸሸ። በኅዳር ድቅቅ እስክትል ትጨፈለቅ የነበረችው ሰንበሌጥ ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ታጥፋ ብቻ ትወጣ ነበር፤ ለፋሲካ ዋዜማ ነፋስ እንኳ የነካት አትመስልም። ቢያዝን ያን ቀን ሰንበሌጧን መሶቡ ላይ ሰክቷት ዋለ። እንኳየሁ ነገሩ አልገባትም።

ከፋሲካ በኋላ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ ሰንበሌጧ ተጨፈለቀች።

ቢያዝን የፋሲካው ሥጋ ነው አለና እራቱን ተወ። ሌላ ዝናብ ዘነበ፤ ሰንበሌጧ ከቀድሞው ይበልጥ ተደፈጠጠች። ቁርሱንም ጨርሶ ተወ። አጠናው ግን ባሰበት። ቀበቶው እየሰፋ፣ አንገቱ ከኮሌታው እየሸሸ፣ ጓሮው ውስጥ ግን በየቀኑ እየከበደ ሄደ። እንጀራ ሲጠቀልል ጆሮው ውስጥ ያ የተሰበረው ወራጅ ድምፅ «ቀጭ» ይላል፤ ያኔ ጥቅልሉን መልሶ ያስቀምጠዋል። ሚስቱ እንዳትቀየም ተቀምጦ ይቆርሳል፤ ዘወር ስትልለት የቆረሰውን ከደጅ ለተኛው ውሻ ይጥልለታል።

«ይኸ ውሻ የማን ዘመድ ነው?» አለች እንኳየሁ አንድ ቀን። «እኛ ስንከሳ እርሱ ይወፍራል።»

«ዘበኛ አይደለም? ይብላ።»

«ጠግቦ እኮ መጮህ ትቷል።»

ቢያዝን መዶሻውን አንሥቶ ወጣ።

ያን ሰሞን ከወለቃ በላይ ባለው ዳገት የጥድ አንባ ማርያምን ጣራ ይሠሩ ነበር። በዓሏ ግንቦት ሃያ አንድ ነው፤ ጉልላቱ በዋዜማው እንዲቆም አገሩ ሁሉ ተጠርቷል። ዋዜማው ሁለት ቀን ሲቀረው ቢያዝንና አድማሴ የመጨረሻዎቹን ቆርቆሮዎች እየቸነከሩ ሳለ የቢያዝን መዶሻ ከምስማሩ ጎን አረፈ። ደገመው፤ አሁንም ሳተው።

«አያ ቢያዝን፣ ምነው ምስማሩን ትተህ ቆርቆሮውን ትቀጣዋለህ?»

«ዝንብ ነው።»

«ታዲያ ሞተልህ?»

ቢያዝን ሊመልስለት ቀና ሲል ቆርቆሮው ነጭ ሆነ፤ ከዚያ ጠቆረ። በሁለት እጁ የጣራውን ጠርዝ ጨበጠ። መዶሻው ቆርቆሮውን እያንኳኳ ተንሸራቶ ታች ካለው ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰማው። ዓይኑ ሲመለስለት አድማሴ ቀበቶውን ይዞት ነበር። አሁን አይስቅም።

«ጉልላቱን እኔ ላቁመው» አለ አድማሴ ዝግ ብሎ።

«ምነው?»

«እጅህን አየሁታ።»

«እጄ አርጅቷል እንጂ አልሞተም።»

«የምን እርጅና? እጅህ ተርቧል።»

የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው የደብሩ አለቃ ሐብተ ማርያም ከዕቃ ቤቱ ወጥተው ነበር። ሁለቱን አስወርደው ጥላ ሥር ምሳ አስቀረቡ። አድማሴ እጁን ታጠበ። ቢያዝን ቆሞ ቀረ።

«ምነው አናጢ፣ አትቀመጥም?»

«ይቅርብኝ አባ። ለጉልላቱ ክብር ብዬ በጾም ልሠራው ነው።»

አለቃ ቀና ብለው አዩት። «በሃምሳው?»

ቢያዝን የሰፋ ቀበቶውን ከፍ አደረገ።

«ጌታ ከተነሣ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም፤ ስግደትም የለም። ይህን እረኛ እንኳ ያውቀዋል፤ አንተ ስንት ደብር ጣራ ላይ ኖረህ ሳትሰማው አልቀረህም። ስለዚህ የያዘህ ሌላ ነገር ነው፤ አልጠይቅህም።» ወደ ጣራው በመቋሚያቸው አመለከቱ። «እኔ ግን ይህን ደጅ ያሠራሁት ሬሳ እንዲወድቅበት አይደለም። ነገ ደግሞ እንዲሁ ሆነህ ከመጣህ በዋዜማው የሚወጣው አድማሴ ነው።»

አድማሴ የጠቀለለው እንጀራ እጁ ላይ ቀረ። በሕይወቱ ጉልላት አቁሞ አያውቅም፤ ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። ቢያዝን ከተቀመጠ ጆሮው ውስጥ ያለው ድምፅ፣ ካልተቀመጠ አድማሴ ከጣራው ጫፍ፤ ሁለቱም ፊቱ ተደቀኑ። አልተቀመጠም። ውኃ ጠጥቶ ተመለሰ። ማታም እህል ሳይቀምስ ተኛ።

ሌሊቱን ዘነበ። ሲነጋ ቢያዝን አጠናው ላይ ወጥቶ ወረደ፤ ሰንበሌጧ ከአለቱ ላይ ተለጥፋ አልላቀቅ አለችው። በጥፍሩ ሲፍቃት ከኋላው የእንኳየሁ ድምፅ መጣ።

«ይኸ ነው ለካ ቁርስህ?»

ማሰሮ ይዛ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቀም። መጀመሪያ ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣውም አቅም አጣ። አጠናው ምን እንደሆነ፣ ሰንበሌጧ ምን እንደምትናገር በአጭሩ ነገራት።

እንኳየሁ ማሰሮውን አስቀመጠች። «በል ሌላ ቀንጥብልኝ። እኔ ልውጣ።»

«ምን ልትሆኚ?»

«ማታ የበላሁት ሽሮ ምን ያህል እንደሚከብድ ልየው።»

እንኳየሁ ቀጭን ናት፤ ነፋስ በበረታ ቀን ጎረቤቶቿ ድንጋይ ያዢ እያሉ ይቀልዱባታል። ቢያዝን አዲስ ሰንበሌጥ አጋደመና እጇን ይዞ አወጣት። አጠናው ከእርሷ በታች ጥቂት ብቻ ዝቅ አለ። ስትወርድ ሰንበሌጧን ራሷ አነሣቻት። ተጨፍልቃለች።

«እንግዲህ እኔም ጉልላት አልችልም» አለች።

ቢያዝን አልሳቀም። አጠናውን ከድንጋዮቹ አነሣው፤ ጎኑን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቃኘው፤ ቀጥ እንዳለ ነው። ከዚያ ተንበርክኮ በአንደኛው ድንጋይ ጎን ጣቱን ሰደደ። ጣቱ እስከ አንጓው ጭቃ ውስጥ ገባ። ኅዳር ላይ ደረቅ መሬት ላይ ያስቀመጠው ድንጋይ በየዝናቡ፣ በየማለዳው ክብደቱ እየሰመጠ እስከ አንገቱ ተቀብሯል። ሁለተኛውም እንደዚያው። መሀል ያለው አለት ብቻ አልተነቃነቀም። አጠናው አልጎበጠም፤ ሁለት ጫፎቹ እስከ አለቱ ከፍታ ወረዱ እንጂ።

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ስንት ቤት ሠርቷል፤ አንድም ቀን ጠንካራ መሬት ሳያገኝ ድንጋይ አኑሮ አያውቅም።

«መሠረት አልቆፈርኩለትም» አለ፤ ለእርሷ ይሁን ለራሱ አልታወቀም።

ማወቅ ግን መዋጥ አይደለም። እንኳየሁ እንጀራ በምስር ወጥና አይብ አቅርባ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ የቢያዝን እጅ መሶቡ ጫፍ ላይ ቆመ።

«ድንጋዩ ሰመጠ አልክ፤ አሁን ምን ቀረህ?»

«ወራጁ ቢሰበርስ?»

«ያኛው ወራጅ ምን ሆኖ የተሰበረ መሰለህ? አድማሴ እኮ ለማገዶ አምጥቶልኝ አንድደነዋል። ውስጡ ዱቄት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ምነው ዝም አልክ?»

«ሰዉ ስቆ ነበር» አለ ቢያዝን።

እንኳየሁ መሶቡን ወደ እርሱ አስጠጋች። «ድሬሰሩ ሁለት ነገር ነው ያለህ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። አንዱን ይዘህ መጣህ፤ ሌላውን እኔ አስቀምጬልሃለሁ። ጠላ አላቀረብኩም፤ ወጡም ቅቤ የለውም። ይኸኛው ማታ የተውከው እራትህ ነው።»

ቆረሰ። ሲያኝክ ያ ድምፅ መጣ፤ «ቀጭ» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ሁለተኛውን ሲቆርስም መጣ። ሦስተኛውን ሲውጥ ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ፤ ከባድ እንጨት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ይመስል ነበር። እንኳየሁ አላጎረሰችውም፤ ብላም አላለችው። ውሻው መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ቢያዝን ወደ እርሱ አየና እንጀራውን ወደ ራሱ ሳበ። የቀረበለትን እስኪጨርስ ድምፁ አልተወውም፤ እርሱም መቁረሱን አልተወም።

ያን ቀን ጥድ አንባ ማርያም ሲደርስ አለቃ ፊቱን አይተው ወደ ዕቃ ቤቱ አለፉ። ምሳ ሰዓት ላይ ተቀምጦ ሲበላ አድማሴ እንጀራውን ወደ እርሱ ገፋለት። ከዚያ ቢያዝን እስኪመሽ ወደ ጣራው ጫፍ የሚያደርሱትን ወራጆች አንድ በአንድ በመዶሻ እያንኳኳ ድምፃቸውን አዳመጠ፤ አንዱ ድምፁ ስለደነዘዘበት አስወጥቶ በሌላ ተካው።

የዋዜማው ቀን ማለዳ እግሩ እንደልማዱ ወደ ጓሮ ወሰደው። ሰንበሌጥ ቀንጥቦ አጠናው አጠገብ ቆመ። ዛሬ ምን ትል ይሆን? ድንጋዮቹ ውሸታም መሆናቸውን እያወቀ እንኳ ልቡ መታ። በመጨረሻ ሰንበሌጧን ጣላትና አጠናውን አንሥቶ፣ ለመወጣጫ ይዞት ሊሄድ ከደጅ አቆመው። ገብቶ በሶውን ጠጣ፤ በላዩም ዳቦ በላ።

ረፋድ ላይ ሕዝቡ ቅጥር ግቢውን ሞልቶ ነበር። ቢያዝን ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወጣ። ቆርቆሮው ከሌሊቱ ዝናብ ገና አልደረቀም። ከጫፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የረገጠው ወራጅ ጮኸ። ቢያዝን ቆመ። ይህ ጩኸት ጆሮው ውስጥ አልነበረም፤ ከእግሩ ሥር ነው። ክብደቱን ቀስ እያለ ሙሉ በሙሉ ለቀቀበት። ጩኸቱ አልተደገመም፤ ትናንት የተካው አዲስ እንጨት ቦታውን ሲይዝ የሚያሰማው ድምፅ ነበር።

«አያ ቢያዝን» አለ አድማሴ ከበታቹ።

«ስደደው።»

ጉልላቱ በገመድ እየተወዛወዘ ወጣ። ቢያዝን አቅፎ ተቀበለው። የጉልላቱን ክፍት እግር ከምሰሶው ጫፍ አገናኝቶ አስገባው፤ ምስማሩን በሦስት ምት ጨረሰ። እልልታው ታች ተነሣ።

ሲወርድ ምሳ ቀርቦ ነበር። ቢያዝን ጠላውን ወደ አድማሴ አሳለፈ፤ እጁን ታጥቦ በላ። ከሰዓት በኋላ የጣራውን ጠርዝ ለመቸንከር ሁለቱ ተመልሰው ወጡ።