አታጠጡት ብያለሁ

የልጄ ሚስት ዛሬም አበባውን አጠጥታዋለች። ከበር ስወጣ የረጠበው አፈር ሸተተኝና ደሜ ፈላ። አበባው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ መሀሉ ቀይ፣ ዳሩ ቢጫ ነው። ሲፈካ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ይመስላል። ዘሩን ሟች ባለቤቴ ከቆቦ አምጥታ ፀሐይ የሚጠብሰው ጠጠር ላይ ዘራችው። ከእጇ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። አሁን አገዳው ከሥሩ ጠቁሯል።

የአፈሩ ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ። አጎቴ ዋጃ ገበያ በሄደበት ቀን ከተራራው ጎርፍ ወረደ። እኛ አገር ጎርፉን ጠልፈን ማሽላ እናጠጣበታለን። እኔ ግን የአጎቴ ሽምብራ የተጠማ መሰለኝና የማሳውን ድንበሩን በዶማ ከፍቼ ለቀቅሁበት። በሳምንቱ ማሳው ቢጫ ሆነ። አጎቴ አልመታኝም። የበሰበሰውን በእጄ እያስነቀለኝ፣

"አንተ፣ ሽምብራው ምን በድሎህ ነው?" አለኝ።

"አሳዝኖኝ ነው፣ አጎቴ።"

"ላዘንክለት እንዲህ ከሆንክ የጠላኸውንማ ምን ይውጠው! ውሃ የማይወድ ዘር እንዳለ እንኳ አታውቅም?"

የልጄን ሚስት ጠራኋት። ጀሪካኑን እንደያዘች መጣች።

"አንቺ፣ አበባው ምን በድሎሽ ነው?"

"ኧረ አባባ! በዚህ ፀሐይ ተጠምቶ አሳዝኖኝ ነው።"

ጀሪካኑን ነጥቄ ውሃውን መንገድ ላይ ደፋሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ የጠቆረውን መንቀል ጀመርኩ። ላግዝዎ ብላ ጎንበስ ስትል እጇን መለስኩት። የሚስቴን አበባ በሌላ ሰው እጅ አላስነቅልም።