ከግቡ ጀርባ የተቀመጡት ለቀስተኞች

ባለፈው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ አጎቴ ጋሼ መኩሪያ ደውለው አክስታችን እትዬ አልማዝ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ድምፃቸው እንደ ሐዘንተኛ ሳይሆን ስብሰባ እንደሚመራ ሰው ነበር። ከዚያ የጠበቅሁት ትእዛዝ ተከተለ።

«ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። ነገ ማለዳ ሰው ይዘን ቤቱ እንሄዳለን። መርዶ በስልክ አይነገርም።»

«ለእኔ ግን በስልክ ነገሩኝ» አልኳቸው።

«አንቺማ ትችያለሽ» አሉ።

ይህን ቃል ከአጎቴ አፍ ስሰማ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። የመጀመሪያውን የሰማሁት በሃያ አንድ ዓመቴ፣ እናቴ በሞተችበት ሳምንት ነበር። ዛሬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የማስረጃ ሕግ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ማስረጃን የሚሰውር ሰው ሁሉ ውሸታም ይመስላቸዋል። አብዛኛው ሰው ግን እውነትን የሚሰውረው የሚነገርበትን ሰዓት በመምረጥ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም።

በዚያ ዘመን ለንደን፣ ብሪክስተን ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለ ማዘጋጃ ቤቱ በሚያከራየው የካውንስል ቤት፣ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከናሆም ጋር እኖር ነበር። እኔ ሕግ እማር ነበር፤ ናሆም ከለንደን ዳርቻ ባለ አንድ የታችኛው ሊግ ክለብ ውስጥ በረኛ ነበር። በረኛ ነበር ስል ደመወዝ የሚከፈለው በረኛ ማለቴ ነው፤ ግብ ላይ ቆሞ ያየው ሰው ግን አልነበረም። ሦስተኛ ተጠባባቂ ነበር። አንድ አጥቂ ቦታ ቢያጣ በክንፍ ሊያሰልፉት ይችላሉ፤ ለሃያ ደቂቃም ቢሆን ቀይረው ያስገቡታል። የግብ ጠባቂ ቦታ ግን አንድ ነው፤ እሱም የሚለቀቀው በሌላ ሰው ጉዳት ነው። ወንድሜ በየቀኑ ጭቃ ላይ እየወደቀ የሚለማመደው፣ በጎ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ የባልደረቦቹን መጥፎ ቀን እየጠበቀ ነበር።

ያ ቀን በሚያዝያ መጣ። አንደኛው በረኛ እጁ ተሰበረ፤ ሁለተኛው በቀይ ካርድ ታገደ። የናሆም ኮንትራት በዚያው የጨዋታ ዘመን መጨረሻ ያበቃ ነበር። አሰልጣኙ ጠርቶት «ቅዳሜ ያንተ ነው፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል ከእንግሊዝ አሰልጣኝ አይገኝም።

እናታችን በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ነበረች፤ የወላጆቿን ቤት ጉዳይ ለመጨረስ ሄዳ ነበር። ናሆም ባይሰለፍም እንኳ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ትመርቀው ነበር፤ ከሄደች በኋላም በስልክ። ረቡዕ ደውሎ ሲነግራት እልል ስትል እኔ ከወጥ ቤት ሰማኋት። ሐሙስ ጠዋት ልቧ ቆመ።

ዜናው የደረሰው ለእኔ ነው፤ ናሆም ልምምድ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኬንቲሽ ታውን፣ እትዬ አልማዝ ቤት ስደርስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል፤ ንፍሮ ተጥዷል፤ የሳሎኑ ወንበሮች ወደ ግድግዳ ተጠግተዋል። ደረጃው የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ነበረው። እትዬ አልማዝ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። አንገቴን አቅፈው ትንሽ አለቀሱ፣ ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ።

«ዛሬውኑ ይነገረው» አልኩ።

«ከተነገረው ቅዳሜ አይጫወትም» አሉ ጋሼ መኩሪያ።

«መጫወቱንም መቅረቱንም እሱ ይወስን። እናቱ ናት።»

«ልጄ፣ አንቺ ሕግ ነው የምትማሪው፤ ይኼ ሕግ አይደለም። እህቴ ስንት ቢሮ ስትጠርግ ያሳደገችው ለዚህ ቀን ነው። ጨዋታው ይለቅ፤ ያኔ ሁላችንም እዚያው ተገኝተን እንነግረዋለን።»

«ለብቻው መርዶ አይሰማም» አሉ እትዬ አልማዝ። «ገና ከሜዳው ሲወጣ አቅፈነው ወደዚህ እናመጣዋለን።»

«እኔስ እስከዚያ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ውስጥ እንዴት ልሁን?»

ጋሼ መኩሪያ ንፍሮውን እያዩ መለሱልኝ። «አንቺማ ትችያለሽ።»

ቻልኩ። በዚያ ቤት ግድግዳው ስስ ነበር፤ ሰው ሲያስነጥስ ከጎረቤት ይማርልህ ይባላል። ስለዚህ ፎጣ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ የገላ መታጠቢያውን ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ። ናሆም በሩን እየደበደበ «ሙቅ ውኃውን ጨረስሽው እኮ!» ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቅንጬ ሠራሁለት። በጨዋታ ቀን ቅንጬ የምትሠራለት እናታችን ነበረች።

«ቅቤው አንሷል» አለ በአንድ ጉርሻ።

«ከብዶህ ኳሱን እንዳታሳልፍ ነው።»

«እማዬ ሙሉ ማንኪያ ነው የምታደርገው።» ስልኩን አገላብጦ አየ። «አልደወለችም?»

«አልደወለችም።»

«ኔትወርክ ይሆናል። ከዋርም አፕ በፊት እሞክራታለሁ። ዛሬ ካልሠራሁ ሪሊዝ አድርገው ያሰናብቱኛል፣ ገብቶሻል? ሌላ ቅዳሜ የለም።» ሳህኑን በእንጀራ ቁራሽ እንደሚጠርግ ሰው በጣቱ ጠረገ። እነዚያ ጣቶች ረጃጅምና ጠማማ ነበሩ፤ ሁለቱ በልምምድ ተሰብረው እንደነገሩ የገጠሙ ናቸው።

ሜዳው ከባቡር ጣቢያው ትንሽ የሚያስኬድ፣ በጡብ ቤቶች የተከበበ ቦታ ነበር። አየሩ የተጠበሰ ሽንኩርትና የእርጥብ ሣር ሽታ አዝሏል። ወገኖቻችን ከለቅሶው ቤት በቀጥታ መጡ። ጋሼ መኩሪያ ወንድሜ እንዳያየን ብለው ከተቃራኒው ግብ ጀርባ ቦታ ያዙ። በመጀመሪያው አጋማሽ ናሆም በወዲያኛው ጫፍ ስለነበር ከሩቅ የምናየው አረንጓዴ ማልያውን ብቻ ነው። በዕረፍት በረኞች ቦታ እንደሚቀያየሩ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱም አላሰበም። የእግር ኳስ ነገር ለእነሱ ከቴሌቪዥን ወዲህ አልመጣም ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ በዝናብ አለፈ። ናሆም ሁለት ጊዜ ተወርውሮ ኳስ አወጣ፤ ሁለተኛውን በጣቶቹ ጫፍ ከአግዳሚው በላይ ሲያሾልከው ከፊታችን የተቀመጠ ቀይ ጢም ያለው ደጋፊ «ይህን ልጅ የት ደብቀውት ነበር?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። ክለቡ አንድ ለባዶ እየመራ ዕረፍት ሆነ። ለጥቂት ደቂቃ፣ የተሳሳትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም ብዬ አሰብኩ። እናቴ ሞታ እያለች ተስፋ አደረግሁ። ከሁሉ የሚከብደኝ ትዝታ ይኸው ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ናሆም ወደ እኛ ወዳለው ግብ መጣ። ዝናቡ ቆመና ለንደን በሚያዝያ እንደሚያደርገው ፀሐይ በድንገት ወጣች። እርጥብ ካፖርቶች መትነን ጀመሩ። እትዬ አልማዝ ሞቃቸውና ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ሌሎቹም ሴቶች ተከተሉ። ከካፖርቶቹ ሥር ጥቁር ቀሚስና ነጠላ ነበር፤ ነጠላው ደግሞ ከለቅሶው ቤት እንደተለበሰ፣ ተዘቅዝቆ፣ ጥለቱ አንገት ላይ ውሏል። አፋቸውን ሁለት ቀን ሙሉ ጠብቀው፣ ልብሳቸውን ረሱ።

አንድ ኳስ ከግቡ ጎን አልፎ ወደ እኛ ተንከባለለ። በሜዳው ላይ ካሉት ሁሉ ለኳስ ብሎ ፊቱን ወደ ተመልካች የሚያዞረው በረኛው ነው። ናሆም መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ኳሱን አነሳ፣ ቀና ሲል እኛን አየ። ሊስቅ ነበር፤ አፉ መከፈት ጀምሮ ነበር። ዓይኑ ከእትዬ አልማዝ ወደ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ወደ ቀጣይዋ ሄደ። መጨረሻ ላይ እኔ ላይ ቆመ። ፊቴን ማዞር እንኳ አልቻልኩም።

ዳኛው ፊሽካ ነፋ። «አንተ በረኛ፣ ልንተኛ ነው እንዴ?» አለ ቀይ ጢሙ። በዚያ ሜዳ ላይ ከነበረው እንግሊዛዊ ሁሉ አንድም ሰው ምን እንደተከሰተ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ናሆም ኳሱን አስቀምጦ መታው፤ በቀጥታ ወደ ውጭ ወጣ።

የመጀመሪያው ግብ ከሩቅ የተመታ፣ ሕፃን የሚይዘው ኳስ ነበር። በግራው በኩል ሲያልፍ ወንድሜ እጁን እንኳ አላነሳም። ሁለተኛው ሲገባ ቋሚውን ተደግፎ ነበር።

«ምን ነካው ልጁን?» አሉ እትዬ አልማዝ።

«ነጠላዎን አይቶ ነው» አልኳቸው።

እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጥለቱ ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

ጨዋታው ሲያበቃ ናሆም ጓንቱን ሳያወልቅ ወደ አጥሩ መጣ። ጋሼ መኩሪያ ኮታቸውን ቆለፉና ያሰናዱትን ንግግር ጀመሩ፦ «ናሆም ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ነህና...»

«ይተዉት ጋሼ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ ናት አይደል?»

ያኔ ነው የገባኝ። እነዚያን ሁሉ ደቂቃዎች ግቡ ላይ የቆመው፣ ሰው መሞቱን እያወቀ፣ ማን እንደሞተ ግን ሳያውቅ ነው።

«አዎ» አልኩት።

«ቅንጬውን ስትሠሪልኝ ታውቂ ነበር» አለ። የጥያቄ ድምፅ አልነበረውም።

በግንቦት ክለቡ አሰናበተው። አሰልጣኙ ችሎታ እንዳለው፣ ትኩረት ግን እንደሚጎድለው ነገረው። ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው ስለው ከለከለኝ፤ «የእናቴን ሞት ሰበብ አላደርግም» አለ። ሌሎች ክለቦች ጋር ለሙከራ ሄደ፤ ስለዚያች ቅዳሜ የሰማ ሁሉ ትከሻውን ሰብቆ ሸኘው። አንድ የሊግ ጨዋታ፤ የእግር ኳስ ሕይወቱ በሙሉ ይኸው ነው። ዛሬ አውቶቡስ ይነዳል፤ ተሳፋሪዎቹ ስለ ረጃጅም ጣቶቹ የሚጠይቁት አይመስለኝም።

ማክሰኞ ከጋሼ መኩሪያ ጋር የነበረኝን ስልክ እንደዘጋሁ ለናሆም ደወልኩ። ዕረፍት ላይ ነበር፤ ከበስተጀርባው የጋራዡ ሞተሮች ይሰማሉ።

«እትዬ አልማዝ ዐረፉ» አልኩት።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ሽማግሌዎቹ ነገ ማለዳ ሊነግሩህ ይመጣሉ።»

«እንግዲህ ደንገጥ እልላቸዋለሁ» አለ፤ ሊስቅ ሞከረና ተወው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «አንቺ አሁን ምን ለብሰሻል?»

«ሰማያዊ ሹራብ።»

«እንደዚያው ነይ። ማታ አራት ሰዓት ስወጣ... ተይው፣ አሁን ነይ። ሺፍቱን እቀይራለሁ።»

እንደዚያው ሄድኩ። ወደ ዊልስደን በሚወስደው አውቶቡስ ላይኛው ፎቅ ተቀምጬ ስለ እትዬ አልማዝ አሰብኩ። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ነጠላ ለብሰው አላየኋቸውም፤ ለፋሲካም፣ ለሠርግም፣ ለሌላ ሰው ለቅሶም። ወንድሜን ይቅርታ ጠይቀውት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ምሬያቸው እንደሆነም አላውቅም፤ ሁለቱንም ለማወቅ አሁን ዘግይቷል። በልቤም እንዲህ አልኩ፦ ነገ ማለዳ ጋሼ መኩሪያ ሰው አስከትለው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የወንድሜን በር ያንኳኳሉ። ናሆም ከፍቶ አንድ በአንድ ያያቸዋል። በዚህ ጊዜ ግን ማን እንደሞተ ያውቃል።